ቢላዋ አይዘፍንም

ፋሮ ደሴት፣ ክላክስቪክ፤ የዓሣ ፋብሪካ፤
አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ጓንቷ ደም የነካ፣
ሱንቫ ታዜማለች፣ ሆድቃ እየዘረገፈች፣
በካርቶን ጀርባ ላይ ግጥም እየጻፈች።
ኃላፊዋ ዮግቫን፣ ሰዓቱን ጠቁሞ፣
«ቢላዋ አይዘፍንም!» አላት ፊቷ ቆሞ።
መልስ አልሰጠችውም። ቃሉን ወሰደችው፤
በጊታር ክር አስራ አዝማች አደረገችው።

ከዚያ ኮፐንሃገን፤ ሬዲዮው፣ መድረኩ፣
የተዋሰችው ቀሚስ፣ ያልሆናት በልኩ።
አገሩ በሙሉ፣ ትርጉሙ ሳይገባው፣
«ቢላዋ አይዘፍንም» እያለ ሲያስተጋባው፣
እናቷ በስልክ፦ «በልተሻል ወይ ዛሬ?
ጀልባችን ተሸጠ፤ ሌላ የለም ወሬ።»

«ዓሣ ዓሣ አይሽተት፣ ፍቅር ጨምሪበት»
አለ አሳታሚዋ። ጨመረች፤ ከሰረበት።
ኦስሎ፣ ሃምቡርግ፣ ግላስጎው፤ ሁሌ አንድ ሻንጣ፣
ሁሌ አንድ ጩኸት ብቻ፦ «ያቺ ዘፈን ትምጣ!»
ሦስት አልበም፣ ሁለት ባል፣ አንድ ቀዶ ጥገና፤
ድምጿ ሸካራ ሆኖ ተመለሰችና

ትናንት ፋብሪካው ውስጥ (ተዘግቷል፣ ከከረመ)
ዮግቫን ፊት ተቀምጦ ከዘራውን አጋደመ።
ጆሮው ደንቁሯልና፣ ገና ሲቃኝ ክሩ፣
«ቢላዋ አይዘፍንም!» ሲል ሁሉም ዞሩ።

ጊታሯ ዝም አለ። ሽማግሌው ሳለ።
ስለቱ የሷ ነው፤ ዛሬም ጣቷ ላይ አለ።