ልዋጭ

ስንዴ ነው ሥራዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት
በሚዛን ቤት መስኮት፣ ከባቡር ሐዲድ ፊት።
ገብቶ ይመዘናል፣ ወጥቶ ይመዘናል፣
መኪናው፤ በመሀል የቀረው ይባላል
ስንዴ።
ገለባ ይነሣል፣ እርጥበት ይለካል፣
ገበሬው ቢያጉረመርም ቁጥሩ ያስታርቃል።

ለዚህ ነው ያን ሰሞን፣ በሳስካቸዋን ብርድ፣
ምራቅ ምድር ሳይነካ ጠጠር ሆኖ ሲወርድ፣
የሆኪ ልውውጡ በር በተዘጋ ማግሥት
መንደሩ መስኮቴን ያንኳኳው በጠዋት፦
«አንተ የሚዛን ሰው፣ እስቲ ፍረድ አሁን፣
አተረፍን? ከሰርን? ወይስ አሞኙን?»

የሰጠነው ዳሚየን፤ በረኛ፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣
ጉልበቱን በፕላስተር ጠቅልሎ የሚገኝ።
የመጣልን ሁለት፤ አንድ ረጅም ተከላካይ፣
እስኪዞር ድረስ የሚመሽ፣ መርከብ መሳይ፤
አንድ የክንፍ አጥቂ፣ ፈጣን፣ ግን የማያይ፤
በላዩም የምርጫ ዕጣ፣ ሁለተኛ ዙር ላይ፣
ከሦስት ዓመት በኋላ።

ኦረስት ከጋራዡ፣ እጁ ግራሶ እንደተቀባ፣
«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር!» እያለ ሲገባ፣
«በሩን ሸጦ ማነው ሌሊቱን የሚተኛ?
በመስኮት ለውጠን ሰጠን እኮ በረኛ!»

ሎርና ከባንኩ በቁጥር መጣችብኝ፣
«ከመቶ ምት ዐሥራ አንድ ይገባበታል፣ ስማኝ፤
ሃያ ሊሞላው ነው፤ በሰኔ ይለቃል፣
ዛሬ ካልተሸጠ በነፃ ይሄዳል።»

እርሳሴን ቀርጬ፣ ወረቀት አውጥቼ፣
ጉልበት፣ ዕድሜ፣ ምጣኔ፣ በተራ አስገብቼ፣
ደመርኩ። ግን ባለፈው የካቲት፣ ማታ ነው፣
ሦስት ለሦስት እያለን ጥቁሯን ጎማ ያዳነው
በጓንትም፣ በዱላም አይደለም፤ ወድቆ በጀርባው፣
በራስ ቁሩ ነው።
ተነሥቶም ሣቀ። ያንን ሣቅ
ከፍሬው ልደምር፣ ከገለባው ልጣል? አላውቅ።

ኦረስትም ልክ ነው፣ ሎርናም። እኔን ያን ሌሊት
እንቅልፍ የነሣኝ ግን ዕጣው ነው በእውነት፦
የሆነ ከተማ፣ የሆነ ቤት ውስጥ፣ ዛሬ
ዐሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ገና ለጋ ፍሬ፣
ብርድ ልብሱን ጥሎ ባፉ የሚተነፍስ፣
በእኛ ደብተር ላይ ግን የተጻፈ እንደ ፈረስ።
ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የእኛ ላም
የነገ የቤት ሥራውን ገና አልጨረሰም።

ልጁን ሦስት ክረምት በቤቷ ያኖረች፣
ዶሪን መጣች ኋላ። ፍርድም አልጠየቀች፤
«የረሳው ዕቃ ነው፣ በአውቶቡስ ልልከው፣
ስንት ኪሎ ቢሆን? እስቲ መዝነው»
ብላ ካርቶኗን መሀል አስቀመጠች፤
ሹራብ፣ የግራ ጓንት፣ በጠርሙስ የታሸገ ኪያር፣
የእናቱ ፎቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እንዳይሰበር።

የእኔ ሚዛን የከባድ መኪና ነው፤ በዚያ ላይ
ከሃያ ኪሎ በታች ቢያስቀምጡት አያይ።
ዜሮ አለ።
ቆመን ቀዩን ዜሮ ስናየው ቆየን።
«አዲሱስ እንዴት ነው?» አልኳት፣ ረጅሙን።
ጓንቷን እያወለቀች፣ መልሳ እያጠለቀች፣
«አልጋው አጥሮታል፤ ሳንቃ አለህ ወይ?» አለች።