ከክምሩ ሥር

ምዝገባው ነገ ነው የሚዘጋው፤ ዐርብ።
ከቢሮዬ ደጃፍ ሰልፉ እንደ መረብ
ደረጃውን ወርዶ በፖሊ ግቢ ላይ
ተጥሏል። ከጣና ጠቁሮ መጣ ሰማይ።
መብራት ከሄደ ቆየ፤ ኔትወርኩም ሄዷል፤
ጄኔሬተሩ ግን ለዲኑ ይሠራል።

እኔ አማካሪ ነኝ። አንድ የእንጨት ወንበር፣
አንድ ማኅተም አለኝ ቀለሙ የሚያስቸግር፣
መቶ ዐሥራ ሁለት ልጅ።
«ስንት ክሬዲት ሞላህ? ይኼኛው ይጋጫል፤
ማክሰኞ ላብ አለህ፤ ከዐሥራ ዘጠኝ ያልፋል፤
አንዱን ጣል፣ ይኼን ያዝ፣ ሂድ ሬጅስትራር፤
ቀጣይ!» ይኸው ነበር የኔ ምክር።
የአንዳንዱን ፊት ሳላይ እፈርማለሁ፤
ስሙን ከስሊፑ አንብቤ እረሳለሁ።

ውብርስት አንማው ሦስተኛ ዓመት ናት፣
ዳታ ስትራክቸር ላይ ኤፍ የተጻፈባት።
«ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልውሰድ» ብላ ጽፋ
ሰኞ ያስገባችው፣ እኔው ዘንድ የጠፋ።
ገባች። ጫማዋ ርሷል። አልተቀመጠችም።
ጀመርኩ የለመድኩትን፦ «እንዲህማ አይሆንም፤
ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ያኛው ሳይታለፍ…»
አላስጨረሰችኝም፤ ቆመች በሩን ደገፍ።

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ «አጎቴ ታንኳ ያስራል።
ደንገል ሳይደርቅ ቢታሰር ጣናን ይጠጣል፤
ገና ደብረ ማርያም ሳይደርስ ይሰጥማል።
ቅድመ ሁኔታን የሚነግረኝ አልጠፋም፤
የመጣሁት ለሱ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»
ጠረጴዛዬ ላይ ክምሩን አየችው፣
ሻይ የፈሰሰበት፣ ጥጉ የታጠፈው፣
የማመልከቻ ቁልል፣ ክንድ የሚያህለው።

«መምህር» አለችኝ፤ «እኛ ውጭ ሰልፍ ነን፤
ቀድሞ የመጣ ሰው ቀድሞ ይገባል ብለን
ከንጋት ጀምረን ጭቃ ስንረግጥ ዋልን።
እዚህ ግን ስታክ ነው። ኋላ የመጣው ላይ
ይቀመጣል፤ እሱው ይነሣል ከላይ።
ዛሬ ያስገባ ልጅ ዛሬ ይፈረምለታል፤
የሰኞው ከሥር ነው፤ ማን ዝቅ ብሎ ያየዋል?»

ዝም አልኩ። ያን ኮርስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤
ኤፉንም የጻፍኩት በእጄ ነው። አፈርኩኝ።
የፈተናዋ ወረቀት ትዝ ያለኝ መሰለኝ፦
«ስታክና ሰልፍን አነጻጽር» ከሚለው ሥር
አራት ባዶ መስመር።
ወይስ የሌላ ልጅ ነው? እኔ እንጃ፣ አላውቅም፤
መቶ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉን አላስታውስም።

«የዚያን ቀን አልገባኝም» አለች ሳልጠይቃት፤
«አሁን ገባኝ። ደጅ ስጠና፣ አራት ቀናት።»

ተነሣሁ። ክምሩን አቅፌ ገለበጥኩት፤
ሻይ የነካው ቅጠል ላይ ስሟን አየሁት፤
ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ማንም አልቀደማት።
«አልፈርምልሽም ግን…»
«እሱን ይስጡኝ» አለች፤ «ልቀደው ነው የመጣሁ።
ሰኞ ቸኩዬ ነበር፤ ማክሰኞ ሐሳቤን ለወጥሁ፤
ረቡዕም መጥቼ በሩ ላይ ተገፋሁ።»
ከደብተሯ ውስጥ ሌላ ስሊፕ አወጣች፤
ዳታ ስትራክቸር፣ በድጋሚ፣ ብላ ሞልታለች።

«የሚያስተምረውስ ማነው?»
«እኔ» አልኳት።
መስኮቱን አየች፤ ጥቂት አሰበችበት።
«ምን ይደረግ እንግዲህ» አለችና ሳቀች።
ፈረምኩ። ስሊፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

ክምሩን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ።
«የሰኞ ልጆች ወዲህ!» ብዬ ጮኽሁ።
ከመሐል አንዱ፣ ውሃ ከፀጉሩ የሚወርድ፣
«እኔስ መምህር?» አለኝ፤ «ዛሬ ነው የመጣሁ፤ ልሂድ?»
ምን ብዬ ልመልስ? ስታክ ቢሉት ሰልፍ፣
አንዱን ዝናብ ሳይመታው ማንም የለ የሚያልፍ።
«ግባና ተጠለል» አልኩት። «ስምህ ማነው?»
ነገረኝ። በዝናቡ ድምፅ ግማሹን ነው የሰማሁት።