የጉሮሮ ሥራ

ኪርያት ጋት፣ ሐሙስ ማታ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የጋራዤ ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ነዶ፣
ልዘጋ ቁልፌን ሳወጣ
የዘርፌ ልጅ ኤልያሲፍ ሞተሩን ገፍቶ መጣ።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ እባክህ ይቺን ማርሚታ ክፈታት፤
ፋብሪካው ነው መሰል አፏን የለጎማት።
ሦስት ዓመት ሙሉ ፒዛ አመላልሼ የገዛኋት፣
ድምጿ ግን የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ስማት!»

አስነሣት። እውነቱን ነው፤ ታንሾካሹካለች፤
ቃሏ ከከንፈር ሲደርስ መልሳ ትውጣለች።
«ቴስቱስ?» አልሁት፤ «ቅጣቱስ? ፖሊስ ቢያቆምህ በመንገድ?»
ትከሻውን ሰበቀ። የእኔም እጅ ብረት ሲያይ እምቢ ማለት አይወድ።

የአባቴ አባት ወገራ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር፤
ጠዋት ያሳለ ገበሬ ማታ «ዓይኑ ክፉ ነው» ይል ነበር።
ወናፉን በዓይኔ አላየሁም፤ አባቴ ግን በአፉ
እያስመሰለ አሰምቶኛል፣ እንዴት እንደሚያጓራ ወናፉ።

ሆዷን ሰነጠቅሁት፤ ብልጭታው ጫማዬ ላይ ዘነበ።
ሦስት ክፍል፣ ወንፊት ግድግዳ፣
የከሰለ የመስታወት ጥጥ ዙሪያውን የከበበ።
ጢሱ እዚያ ይገባል፣ ይጠየቃል፣ ይፈተሻል፣
ከክፍል ወደ ክፍል ይመራል፣
ሲወጣ ስሙ ጠፍቶታል።
አውቀዋለሁ ይህን ቤት፤ በስምንት ዓመቴ፣ ካውሮፕላን እንደወረድሁ፣
ፈንታሁን ሆኜ ገብቼ ፒንሓስ ተብዬ ወጣሁ።

ንዴት ይዞኝ ይሆን? ግድግዳውን ሁሉ ነቀልሁት፣
ጥጡን ጣልሁት፣
ካፍ እስካፍ ቀጥ ያለ ቱቦ በየድሁበት።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከሕንፃው ሥር ሞከርናት።
ኤልያሲፍ ነዳጅ ሰጣት፤
ድምጿ ከመሬት ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤
በር ተበረገደ። ሰው በደረጃው ጎርፎ መጣ፦
አንዲት እናት፣ ሻምፑ በፀጉሯ፣ ሕፃን በብብቷ፣
አባ ይርጋ፣ አንድ ጫማ በእግሩ፣ አንዱ በእጁ፣
ወደ መጠለያው።
«ሲረን መሰለን» አሉ።
ማንም አልተሳደበ። ማንም አልሳቀ።
የኤልያሲፍ እጅ ቁልፉ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ የእኔም አንደበት ደረቀ።

ቅዳሜ ኮከብ ሲወጣ ብቻውን መጣ።
«ለጩኸት አልነበረም» አለ። «እናቴ እስክገባ እንቅልፍ አይወስዳትም፤
ስልክ ብደውል አታምንም።
መቶ ሞተር በመስኮቷ ያልፋል፤ ሁሉም አንድ ነው ለጆሮዋ።
የእኔን ለይታ ‹ገባ ልጄ› ብላ እንድትተኛ ነበር።»

ታዲያ ይህን ሐሙስ ዕለት አትለኝም ነበር?

አገር ቤት ሰው ደጅ ሲደርስ፣ ውሻ ሳይጮህ፣ በር ሳይመታ፣
እህህ ይላል በዝግታ፤
ቤተኛ በጉሮሮው ይታወቃል።
እሱን ፈለግሁ።

አንዱን ግድግዳ መለስሁት፤ አሥራ አንድ ቀዳዳ በስምንት ቁጥር በሳሁት፤
አዲስ ጥጥ ጠቀጠቅሁ፤ አፉን በጣት ስፋት አጠበብሁት።
ስንፈታ፣ ስንገጥም፣ ስንፈታ፣ እስከ ረቡዕ አመሸን፤
ሲወጣ ሲረን እንዳይሆን፣ ሲወርድ ትንፋሹ እንዳይከዳን።
አንዴ እንደ ፍየል ሳለች። አንዴ እንደ ባዶ በርሜል።
ኤልያሲፍ መሬት ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ትንሽ ዝቅ» ይላል፣
«ትንሽ ዝቅ፣ ጋሽ ፈንታሁን፤ እሷ ዝቅ ያለ ትወዳለች።»

ረቡዕ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ አልጋዬ ላይ ነቅቼ፣
ጆሮዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣
አደባባዩን ዞራ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣
ወደ ግቢው ስትታጠፍ ሰማኋት።

እህህ፣
አለች።

ማዶ የዘርፌ መብራት ጠፋ።
እኔም ወደ ግድግዳው ዞርሁ።
ቴስቱ ሚያዝያ ላይ ነው፤
ያኔ እናያለን።