ስልሳ አምስት ዋት

ቻርጀሩ አውቶቡስ ላይ ቀረ።
ምናልባት ከወንበር ሥር፣ ምናልባት በሹፌሩ እጅ፣
ምናልባትም ወደቡ ዳር በሦስት ሺህ ፔሶ ተሸጦ አደረ።
የሂሜና ኦያርሴ ሥራ ግን ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ነው፤
የባሕር ወለል ካርታ፣ የማዕበል ስሌት፣
መሬት ብትናወጥ ቫልፓራይሶን ውኃ እስከ የት ይውጣት የሚለው።
ባትሪው ደግሞ አሥራ አንድ በመቶ፣
ያውም ቀይ ለብሶ፣ ያውም ተቆጥቶ።

አባቷ ዶን ኤባሪስቶ
ሠላሳ ዓመት፣ ኮረብታ የሚወጣውን ባቡር ሞተር ሲያክም የኖረ፣
ዛሬ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት በጣቱ ማየት የጀመረ፣
"ያ ከተዘጋው ቢሮ በርካሽ ያመጣሽው ስክሪን" አላት፣
"እስቲ ጀርባውን አዙሪልኝ።"
አዞረችለት። ዳበሰው ዳበሰውና ቆመ አንዲት ቀዳዳ ላይ፣
ሞላላ፣ ጠባብ፣ የምስር ፍሬ ብትረዝም የምትመስል።
"ይቺ" አለ፣ "አፍ ብቻ አይደለችም ልጄ።
ጡትም ናት።"

ገመዱ ገባ።
ላፕቶፑ ዝም፣ ስክሪኑም ዝም።
በሽቦው ሆድ ውስጥ ግን ድርድር ነበር፣ እንደ ከብት ገበያ፦
"ስንት ትፈልጋለህ?"
"መቶ።"
"መቶ ከየት ይምጣ!"
"ዘጠና?"
"አባቴ ይሙት የለኝም። ስልሳ አምስት፤ ከወደድክ።"
"ይሁን።"
ከማዕዘኑ አንዲት መብረቅ፣ ጤፍ የምታህል፣ ብልጭ አለች፤
ሂሜና በረጅሙ ተነፈሰች።

በዚያች ከትንሿ ጣት በቀጠነች ገመድ
ሥዕል ወደዚያ ሲሻገር፣ ጉልበት ወደዚህ ሲወርድ
መንገድ አልጠበባቸው፣ ትከሻ ለትከሻ አልተጋፉ፤
ሰላም ሳይባባሉ፣ ሳይነካኩ አለፉ።
"የቱ ነው ታዲያ ጌታው?" አለ ሽማግሌው፣
"የሚያሳየው ወይስ የሚያበላው?"
"እንጃ አባዬ።"
የመብራት ሒሳብ ከጡረታው፣ ደብዳቤ ማንበብ ከእሷ፤
ሁለቱም ይህን አላነሱም።

እኩለ ሌሊት ላይ ማዕበሉን ስታስነሳው
ማራገቢያው ጮኸ፣ ቁልፎቹ ጋሉ፤
ገመዱ ሳይነቀል፣ መብረቋም ሳትጠፋ
ቁጥሮቹ ቁልቁል ተንከባለሉ።
አርባ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት።
እየበላ የሚከሳ!

"አልበቃውም አይደል?" አለ ከአልጋው፣ ማራገቢያውን በጆሮው አንብቦ።
"አልበቃውም። ግን ቶሎም አይሞትም።"
"እንደ ጡረታዬ በይኛ።"

ያኔ ትዝ አላት።
የላፕቶፑን የራሱን ፊት አጨለመችው፣
ለሁለት ዓይን የሚሆን ቀለብ የለማ፣
በሌላው ዓይን ብቻ እንዲያይ ተወችው።
ሠላሳ ሦስት።
ሠላሳ ሁለት።
ሠላሳ አንድ፤ እዚያ ላይ ቆመ፣
ዳገት መሐል እንደቆመ ባቡር፣ ሳይወጣም ሳይወርድም።

"ውኃው የት ደረሰ?"
"ከዓሣ ገበያው አልፏል።"
"ቀለሙስ?"
"ጥልቁ ወይን ጠጅ። ሲሳሳ ቢጫ ይሆናል።"
"ዳቦ ቤቱስ?"
"የዶኛ ኤርሚንያ በር ጋ ነው። አንድ ደረጃ ቀርቶታል።"
"ምድጃዋን አታርጥቢባት እንግዲህ።"
"የኔ እጅ አይደለም አባዬ፣ ስሌቱ ነው።"
ዝም ተባባሉ። ታች፣ ወደቡ ላይ፣ እውነተኛው ባሕር ተኝቷል።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ሥራው ተላከ።
ማራገቢያው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጸጥ አለ።
ከዚያ ወዲያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፤
ሠላሳ ሁለት፣ ቆይቶ ሠላሳ ሦስት።
ልትነግረው ዞረች።
ወንበሩን አስጠግቶ እንቅልፍ ወስዶታል፣
መዳፉ ከስክሪኑ ጀርባ፣ ሙቀቱ ላይ።