እጣቢ

ሰኞ ነው። ሼፊልድ ላይ ጭሱ ሰማይ ሆኗል፤
የፋብሪካው በር ሰዉን ሁሉ ውጧል።
ኤድና ስታኒፎርዝ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣
የሰፈሩን እድፍ በርሜል ውስጥ ጥላ፣
ትቀቅለዋለች
እንደ ባቄላ።

በሩ ተንኳኳ። ጢሙ ገና ያላደገ፣
ደጃፉ ላይ ጫማውን ሦስት ጊዜ የጠረገ፣
ደብተር የታቀፈ ልጅ ነው፣ ከሊድስ የመጣ፤
«ጄፍሪ ታኬት» አለ፤ ስሙም በግድ ወጣ።
«ዩኒቨርሲቲው ነው የላከኝ፣ የድሮ ቃል እንዳይጠፋ፤
የቆሻሻ ስም ልመዝግብ» አለና አንገቱን ደፋ።

«ግባ» አለችው። «ወንበር የለም፤ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጥ።
ስም ከሆነ ሞልቶልኛል፤ አንተ ብቻ በደንብ አድምጥ።»

ጥያቄ አርባ አንድ፦ አልጋ ሥር የሚጠራቀም፣
በር ሲከፈት እንደ አይጥ ሮጦ ግድግዳ ሥር የሚቆም?
«የዝርክርኳ ሴት ሱፍ» አለችው፤ የልጁ ጆሮ ቀላ።
ቃሉ በእንግሊዝ አፍ አድጎ ከባድ ስድብ ሆኗል ኋላ።
እሷ ግን የምታውቀው አልጋ ሥር ያለውን ነው፤
የሰው ስድብ ለመጥረጊያ ምኑ ነው?

ቦት ጫማ ላይ የሚለጠፍ ጭቃ?
«ክላርት። በለው እስቲ።
አየህ? ምላስ ላይም ይጣበቃል።»
ከባቡሩ የሚዘንብ፣ የተሰጣ አንሶላ ላይ የሚያርፍ ጥቁር ላባ?
«ስመት። ማክሰኞ ይብሳል።»
ቆዳ ውስጥ የገባ?
«ግራይም። እሱን ብሩሽ አያወጣውም፤
ከሰውየው ጋር ነው የሚቀበረው።»
ሁሉንም ባንድ ላይ ስትጠሩት?
«መክ።»

«መክ ካለበት ነሐስ አለ» ይላል ያገሩ ተረት፤
ነሐስ ማለት ገንዘብ ነው። ኤድና ሳቀችበት፦
«መኩ እኔ ቤት ነው የሚያድረው፣ ነሐሱ ኮረብታው ላይ፤
አርባ ዓመት አጠብኩ፣ አንድ ቀን ሲገናኙ ሳላይ።

ውሃ አያለሁ፣ ሰው አውቃለሁ።
ከሰል ቆፋሪው ሦስት ውሃ ያጠቁራል፤
የቀለም ቀቢው አረንጓዴ ነው።
የባግሾ ልጅ ግን፣
ሦስት ሰኞ ሙሉ ውሃው ጠራ።
ጠዋት ምሳውን ይዞ ይወጣል፤ የት እንደሚውል እንጃ፤
ከሥራ ተባሯል።
ሚስቱ አታውቅም። እኔም አልነገርኳት።
ሸሚዙን የሌላ ሰው እጣቢ ውስጥ ነክሬ፣
ትንሽ አጠቋቁሬ፣
መለስኩላት።
ይህን አትጻፈው።»

ጥያቄ አርባ ሰባት፦ የሞራጅ ድንጋይ ሲዞር፣
ውሃና አሸዋ ከብረት ጋር ተፋጭቶ የሚቀር
ቢጫ ዝቃጭ?

«ስዋርፍ» አለች። ማማሰያ ዱላውን ከበርሜሉ አወጣች።
እጇን በሽርጧ አደረቀች፤ የደረቀውን ደግማ አደረቀች።

ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ የወንድ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤
ኮሌታው ቢጫ ነው፣ ደርቆ እንደ ሸክላ ቆሟል።
ዊልፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢላ ሞርዷል፤
ስዋርፉ ሽፋሽፍቱ ላይ፣ ዳቦው ላይ ውሎ፣
በመጨረሻ ሳንባው ውስጥ አድሯል።
ከዚያ ወዲህ ስድስት ክረምት አልፏል።
የሰፈሩን ሁሉ ያጠበች ሴት
ያን አንዱን አላጠበችም።

ልጁ ብዕሩን አነሳ። «ደርቆ ለቀረው… የተለየ ስም አለው?»
«አለው» አለች። «ዊልፍ ነው የምለው።»

አልጻፈም። ወይ ጽፎ ሰርዞታል፤ ደብተሩ ላይ፣ ከዚያ ቁጥር አጠገብ፣
የቀለም ጠብታ ብቻ ነው የሚነበብ።

«እጅጌህ» አለችው። «ቀለም ጠጥቷል። አምጣ።
ይህንንስ እናንተ ሊድስ ላይ ምን ትሉታላችሁ?»
ቃል ለቃሚው ቃል አጣ።
ሸሚዙን አውልቆ፣ ካፖርቱን ባዶ ደረቱ ላይ ደርቦ፣
ቅርጫቱ ላይ ቁጭ አለ፣ ከብርድ ጋር ተሳስቦ።

ውሃው ጥቂት ሰማያዊ ሆነ።
ኤድና ጎንበስ ብላ አነበበችው፤
ያነበበችውን ግን
አልነገረችውም።