እጣቢ

ኾር ኹዌር ወደብ ላይ፣ ከድንጋዩ ተራራ ሥር፣
መርከብ ከሰል ሲያራግፍ ያድር፤
ታጥቦ የጠራው ወደ እቶኑ ይነዳል፣
እጣቢው ወደ እኔ፣ ወደ ገንዳው ይወርዳል።

ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ድምፅ የለው።
ጭቃ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤
አርሴኒክ አለበት፣ ባዜቃ አለበት፣
እርሳስ፣ ሴሌኒየም፣ በስውር ሰፍረውበት።

«ስንት ቢሆን ነው?» አለኝ አጎቴ በስልክ፣
የእህል ነጋዴው፣ ከሚዛን በቀር የማያምነው።
ሦስት ኩንታል ነጭ ጤፍ መጋዘንህ አፍስስ፣
አንዲት ቀይ ፍሬ ጣልበት፣ በአካፋ አተራምስ፣
ከዚያ ያቺን ፍሬ ለቅመህ አምጣልኝ።
«ለዚህ ደመወዝ የሚከፍልሽ ማነው?» አለኝ።

ኖራ እበትናለሁ፣
የብረት ጨው ጨምሬ አማስላለሁ፤
ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ መርዙን እንደ ዘመድ ያቅፋል፣
ተቃቅፈው ይሰምጣሉ፤ ለባሕሩ የጠራው ይተርፋል።
ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይላሉ።
እኔ ወቀጥኩት፤ ከሥሩ ዱቄት አለው፣
ቀይ፣ እንደ በርበሬ የላመ፣
ማንም እንዳይቀምሰው።

ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ
«ቲሩ አያር» ይላል። ጥሩአየር ነኝ።
ሱጂት፣ የኬረላው ልጅ፣ ትርጉሙን ስነግረው
ጭምብሌን አየና እስኪያስለው ሳቀብኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ሽማግሌው ኸልፋን፣ መረቡን በትከሻው ጥሎ፣
አጥሩ ጋ ይቆማል፣ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ብሎ።
እኔ ያለኝ ቁጥር ነው፤ ከሦስቱ ኩንታል ፍሬው ሰባት።
ቁጥር ለዓሣ አጥማጅ ምን ይሆነዋል፣ እራት?
«ደኅና ነው» እለዋለሁ። ይሄዳል።

ትናንት ግን አልሄደም።
በጣቱ በርሜሎቹን አሳየኝና፣
«ያወጣሽውስ?» አለ። «እሱስ የት ይገባል?»

መርዝ አይሞትም። አይበሰብስም፣ አያረጅም።
ከባሕሩ ነጠልኩት እንጂ ከዓለም አላወጣሁትም።
ሰማንያ ሁለት በርሜል፣ በረሃው ውስጥ ባለ መጋዘን፣
ቁጥር ተጽፎበት፣ ተቆልፎ።
ዕድሜው ከኮንትራቴ ይረዝማል፣
ከሱጂት ልጆች፣ ምናልባት ከወደቡም።
ቁልፉን ማን ለማን እንደሚያወርስ
ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

ይህን ሁሉ በእኔ ዓረብኛ እንዴት ልበለው?
«እንጠብቀዋለን» አልኩት።
«እናንተ?» አለ። መረቡን አስተካክሎ ወረደ።

ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ፓምፑን ከፈትኩ።
የዛሬው መጣ።