ተራ

ዐርብ ማታ በዳንዲ፣ ከጆንያ ፋብሪካው ጀርባ፣
አባቴ ደረጃውን ወጥቶ፣ አቧራ ለብሶ ሲገባ፣
የቆርቆሮው ገንዳ ከሚስማሩ ሲወርድ፣
ምድጃው ፊት ይሰየማል፣ ከሩቅ እንደመጣ ዘመድ።
አምስት ድስት ውሃ ነው። ከዚያ በላይ የለም።
የጋዙ ቆጣሪ ሳንቲም ይበላል፤ ሳንቲም ደግሞ አይለመልም።

መጀመሪያ አባቴ፤ ሠርቶ የመጣ ይቀድማል።
ቀጥሎ ወንድሜ ዱጋል፤ ሲንቦጫረቅ ወለሉን ያጥለቀልቃል።
ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ኢሽቤል፤ ውሃው አመድ መስሎ፣
የፋብሪካው ዘይት ዳር ዳሩን ቀለበት ሠርቶ፣ ለብ ብሎ፣
ሳሙናውም ሳስቶ፣ ምላጭ አክሎ።

መጨረሻ እናቴ።
«ዞር በሉ» ብላን፣ በገመዱ ላይ አንሶላ ሰቅላ፣
በሦስት ሰው እድፍ ውስጥ ጉልበቷን አጥፋ፣ ተጠቅልላ፣
ምንም ድምፅ አታሰማም።
ስትወጣ በዚያው ውሃ ካልሲያችንን ታሻለች፣
የተረፈውን ተሸክማ ደረጃውን ትወለውልበታለች።
አራት ሰው፣ ስምንት ካልሲ፣ ሃያ ደረጃ፤ ያ ውሃ ስንት ሠራ!
አንድም ቀን አልጠየቅናትም፣ ማን አወጣው ይህን ተራ።

ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፤ ሁለት ክፍል፣ ቴይ ወንዝን በጎን የሚያይ።
ቁልፍ ስጫን ግድግዳው ይሞቃል፤ ውርጩ ይቀራል ከመስኮቱ ላይ።
ሁለት ፎጣ አለኝ፤ አንዱ እስኪደርቅ አንዱ ይጠብቀኛል።
ቅቤ ስቀባ ወፍራም ነው፤ ስገምጠው የጥርሴ ፈለግ ይታያል።
የሻይ ከረጢቱን አንዴ ነክሬ እጥላለሁ።
(ዋሸሁ። ሁለቴ እነክራለሁ።)
ማታ የኮሪደሩን መብራት ሳላጠፋ ልተኛ እሞክራለሁ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ አጠፋዋለሁ፣
አልጋዬ ጋ ስደርስ ተመልሼ አበራዋለሁ።

ሎርና፣ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብራኝ የምትሠራው፣
ስለ ሙቅ ውሃ በጀመርኩ ቁጥር ሰዓቷን ነው የምታየው።
«ተራ ነገር እኮ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ደክሟት።
ልክ ነች። እኔም ስለ ተራ ነበር የማወራት፤
ሦስተኛ ሆኖ ያደገ ሰው፣
አንደኛ ሲገባ ውሃው ምን እንደሚለው።

እናቴን በሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ዳሌዋ አልታዘዝ ሲላት፣
በጥር ውርጭ፣ በታክሲ፣ ቤቴ አመጣኋት።
ገንዳውን ሞላሁላት፣ እስከ አፉ። መስተዋቱ በእንፋሎት ታወረ።
እሷ በሩ ላይ ቆመች። የሹራቧ ቁልፍ አንዱም አልተፈታ ነበረ።

«ግቢ እንጂ» አለችኝ፣ «እከተልሻለሁ፤ እኔ አልቸኩልም።»
«ላንቺ ነው እማ።»
«ከኔ በኋላስ ማን አለ?»
«ማንም።»

ማንም። ቃሉን እንደ ባዕድ አገር ሳንቲም
አገላብጣ አየችው፤ የት እንደሚመነዘር አላወቀችም።

ክንዷን ይዤ አስገባኋት። እግሯ ውሃውን ሲነካ «ኧረ!» አለች፣
የሰረቀ ሰው እንደሚያይ ግራ ቀኟን አየች፣
ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።
«ጥርት ያለ ነው» አለች። «የእግሬን ጣት አየዋለሁ።»
በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት።
ሾርባው ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል። ከእሷ ምንም።
ምድጃውን አጠፋሁ። የመጣብኝን ሐሳብ አልናገርም።
ሮጬ ብገባ፣
ነጭ ፀጉሯ ከግንባሯ ተለጥፎ፣ ጉንጯ እንደ ልጅ ቀልቶ፣
ከቅርጫቴ ያወጣችውን ካልሲ ታሻለች፣ ክንዷ አረፋ ሞልቶ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»
ቀና እንኳ አላለችም።
«ውሃው ገና ንጹሕ ነው» አለች።
«አንድ ሰው ብቻ እኮ ነው የታጠበበት።»

በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣
የሙቁን ውሃ ቧንቧ ጥቂት ከፈትኩ፣
ሌላኛውን ካልሲ አቀበልኳት።